ሲወስዱት የማይጎድል ነገር ባለቤት አለውን?

  

ወንድሞች ሆይ! በወልቂጤ ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚያልፈው አውራ ጎዳና አጠገብ፣ ስልክ እየጠገነ መንዙማና ነሺዳም በፍላሽ እየቀዳ የሚሸጥ አንድ ወጣት ነጋዴ አለ። አንድ ቀን ከዓስር ሶላት በኋላ በመስጊዱ በር ጠበቀኝና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፤ «ሸኻችን፣ አንድ ነገር ከንክኖኛል። ከደንበኞቼ አንዳንዶቹ የሰው ሐቅ ትበላለህ ይሉኛል። እኔ ግን የማንንም ቤት አልሰበርኩ፣ የማንንም ኪስ አልዳበስኩ። መንዙማውን ያዜመው ሰው ድምፁ ዛሬም ከእርሱው ዘንድ ነው፤ እኔ ሺህ ጊዜ ብቀዳው አንዲት ቃል አትጎድልበትም። ታዲያ በላህ የሚሉኝ ሐቅ የትኛው ነው?»

ይህ ወጣት ለፌዝ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ዘካውን የሚያወጣ፣ የተበላሸ ስልክ አድሶ አዲስ ነው ብሎ የማይሸጥ ሰው ነው። ስለዚህ በችኮላ «ሐራም ነው» ብዬ ልሰደው አልወደድሁም። ብዙ ሰው በልቡ ይዞት የሚኖረውን ነገር እርሱ በአፉ ተናገረው እንጂ፣ ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለም። አንድ ኩንታል ቡና ከመጋዘን ቢሰረቅ፣ ሌባው ዘንድ የተገኘው ባለቤቱ ዘንድ የጎደለው ነው። ዜማ፣ ድርሰት፣ የንግድ ምልክት ግን ሲወሰድ ከባለቤቱ አይለይም። ሰው ይህን ሲያይ ልቡ ይረጋል፤ የጎደለ ከሌለ የተበደለም የለም ይላልና።

እስኪ በከተማችን ሱቅ ያለውን አንድ ሰው እናስብ። ሰውየው ለሐጅ ሄዶ ሳለ ሌላው ቁልፍ አስቀርጾ ገባ፤ ሦስት ወርም ነገደበት። ባለቤቱ በተመለሰ ጊዜ ሱቁን ጠርጎ፣ ግድግዳውንም ቀለም ቀብቶ አስረከበውና «ይኸው ሱቅህ እንዳለ ነው፤ ምን ወሰድሁብህ?» አለው። ከወልቂጤ ነጋዴዎች መካከል «እውነቱን ነው» የሚል አንድ ሰው ይገኛልን? አይገኝም። ቤቱ ባይጎድልም የሦስት ወር ኪራዩ ተበልቷል፤ ከኪራዩም በፊት የባለቤቱ ፈቃድ ተጥሷል።

የፊቅህ ሊቃውንት በዚህ ነገር ከጥንት ጀምረው ተከራክረዋል። ከሐነፊይ መዝሀብ ቀደምት ሊቃውንት ብዙዎቹ፣ ገንዘብ የሚባለው ሊያዝና ሊከማች የሚችል ነገር ነው፤ ጥቅም ብቻውን ገንዘብ አይባልም ብለው ነበር። የሻፊዒይ፣ የማሊኪይና የሐንበሊይ መዝሀብ ሊቃውንት ግን፣ ሰው ዕቃን የሚፈልገው ለጥቅሙ ነውና ጥቅሙም ራሱ ገንዘብ ነው አሉ። በዘመናችን ነገሩ ወደ ድርሰትና ወደ ፈጠራ በደረሰ ጊዜ፣ በ1409 ዓመተ ሒጅራ (በ1981 ዓ.ም.) በኩዌት የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ43ኛው ውሳኔው መልስ ሰጠበት። የንግድ ስም፣ የንግድ ምልክት፣ ድርሰትና ፈጠራ የባለቤቶቻቸው መብት ናቸው፤ በሰዎች ልማድ ዘንድ ዋጋ ያላቸው ገንዘብ ስለ ሆኑም ድንበራቸውን ማለፍ አይፈቀድም፤ ማታለል ከሌለበትም ሊሸጡና ሊለወጡ ይችላሉ የሚል ነው የውሳኔው ሐሳብ። እዚህ ላይ «በሰዎች ልማድ ዘንድ» የሚለውን ልብ በሉ። ሊቃውንቱ አዲስ ሐራም አልፈጠሩም፤ ገበያው አስቀድሞ ዋጋ የሰጠውን ነገር አይተው ዋጋ አለው አሉ እንጂ።

ይህን ለወጣቱ በነገርሁት ጊዜ ዝም ብሎ አልተቀበለኝም። «ይሁን፤ ነገር ግን ዕውቀትን መደበቅ ታላቅ ኀጢአት ነው የምትሉን እናንተው አይደላችሁምን? የነቢዩ ውዳሴ በሕዝብ መካከል ቢበዛ የሚከፋው ማን ነው?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ ይልቅ ይህኛው ከበደኝ።

በአገራችን ከሐረር እስከ ወሎ፣ ከጅማ እስከ ጉራጌ፣ ዲን የተስፋፋው በገልባጮች እጅ ነው። ደረሳው ስንቁን በአቁማዳ ይዞ ከሸኽ ወደ ሸኽ ይዞር ነበር፤ ቀን እየቀራ ማታ በኩራዝ ብርሃን ኪታቡን በእጁ ይገለብጥ ነበር። ኪታቡን የደረሰው ሊቅ በካይሮ ወይም በደማስቆ ከሞተ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል፤ በሕይወት ያለ ሸኽ የጻፈው ቢሆንም እንኳ መገልበጡ ደስታውና ክብሩ ነበር። ገልባጩ ለሌላ ሰው ሲገለብጥ የሚቀበለው የእጁን ዋጋና የቀለሙን ነው። ማንም ለማንም «መብቴን ክፈል» አላለም። እንግዲህ አባቶቻችን ሁሉ ሐቅ በሉ ልንል ነውን?

አንልም። ልዩነቱ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ቅጅ የገልባጩን የራሱን ወራት ይበላ ነበር። መቶ ኪታብ መቶ ጊዜ መድከም ነው፤ ስለዚህ ዋጋው የገልባጩ መሆኑ ፍትሕ ነበር። ማተሚያ ከመጣ ወዲህ፣ ይልቁንም ድምፅና ጽሑፍ በአንድ ንክኪ የሚገለበጥበት መሣሪያ በየኪሳችን ከገባ ወዲህ፣ ድካሙ ሁሉ በመጀመሪያው ቅጅ ላይ ተከመረ። ስቱዲዮ የተከራየው፣ ግጥሙን ያስገጠመው፣ ወራት ያጠናው ሰው ወጪውን የሚመልሰው ከሚከተሉት ቅጅዎች ሽያጭ ነው። በፍላሽ የሚቀዳው ሰው ድካሙ የአንድ ደቂቃ ነው፤ የሚቀበለው ዋጋ ግን የደቂቃው ሳይሆን የሌላው ሰው ወራት ዋጋ ነው። የጥንቱ ገልባጭ የራሱን ድካም ሸጠ፤ የዛሬው የሰውን ድካም ይሸጣል።

ከገንዘቡም በላይ፣ አባቶቻችን ፈጽሞ ያልለቀቁት አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም ስም ነው። ዕውቀት ያለ ኢስናድ አይተላለፍም፤ ሰው ከማን እንደ ተቀበለ ሳይናገር አያስተላልፍም። በዚህ ነገር የኢማም ጀላሉዲን አስሱዩጢ ታሪክ ይታወቃል። እኒህ ኢማም በ911 ዓመተ ሒጅራ ያረፉ የግብፅ ሊቅ ሲሆኑ፣ ደራሲንና ሌባን ስለ መለየት ራሱን የቻለ ጽሑፍ እስከ መጻፍ ደርሰዋል። በዘመናቸውም ሸሃቡዲን አልቀስጠላኒ የተባሉት ሌላው ታላቅ ሊቅ ከመጻሕፍቴ እየወሰዱ ስሜን አይጠሩም ብለው ከሸኽ ዘከሪያ አልአንሷሪ ዘንድ እንደ ከሰሷቸው ይተረካል። ማስረጃ በተጠየቁ ጊዜ ሱዩጢ እንዲህ አሉ ይባላል፤ እኒህ ሰው በይሀቂይ እንዲህ አሉ እያሉ ይጽፋሉ፤ በይሀቂይ የጻፏቸው ኪታቦች ብዙ ናቸውና ከየትኛው እንዳገኙት ይንገሩን። ቀስጠላኒም መናገር አልቻሉም። ሱዩጢም፣ ከእኔ መጽሐፍ ነው የወሰዱት፤ ሱዩጢ ከበይሀቂይ ጠቅሶ እንዳለው ብለው መጻፍ ይገባቸው ነበር አሉ።

ነጋዴዎች ይህን ነገር ከደረሳዎች ይልቅ ፈጥነው የሚረዱት ይመስለኛል። ከጎረቤት ሱቅ ተበድሮ ያመጣውን ዕቃ «ቀጥታ ከፋብሪካ ያወረድሁት ነው» የሚል ሰው አላየንምን? ዕቃው እውነተኛ ነው፤ ፋብሪካውም እውነተኛ ነው፤ ውሸቱ በመካከል ያለውን ሰው መሰረዙ ነው። ደግሞም የሚተረከው በዚህ አላበቃም። ቀስጠላኒ ተጸጽተው ሱዩጢ ከሰው ተለይተው ወደ ተቀመጡበት ወደ ረውዳ በባዶ እግራቸው፣ ራሳቸውንም ሳይሸፍኑ ሄዱ። በሩን አንኳኩ። ልብዎ ይታረቀኝ ዘንድ እንዲህ ሆኜ መጣሁ አሉ። ሱዩጢም ከውስጥ ሆነው፣ ልቤ ታርቆሃል አሉ፤ በሩን ግን አልከፈቱም፤ አልተገናኙምም።

ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር አፍራለሁ። እኔም በወጣትነቴ የአንድ ግብፃዊ ዓሊምን የታተመ ኹጥባ ቃል በቃል ተርጕሜ በጁምዓ ቀን አሰማሁ፤ ሰዎችም እያለቀሱ ወጡ፤ ሽማግሌዎችም እጄን ሳሙ። የማን ቃል እንደ ሆነ አንድ ጊዜ እንኳ አልተናገርሁም። በዚያ ቀን ከማንም ኪስ አንድ ሳንቲም አልወጣም፤ ነገር ግን የተሳመው እጅ የእኔ ባልሆነ ነበር።

ሕጉስ ምን ይላል? በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይናገር ነበር። በ1996 ዓ.ም. የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም. ተሻሻለ። በዚህ አዋጅ ደራሲው መብቱን የሚያገኘው ሥራውን በፈጠረ ጊዜ እንጂ ባስመዘገበ ጊዜ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት መብቱ ይጠበቃል፤ ለወራሾቹ ይተላለፋል ማለት ነው። ሐሳብ ግን ብቻውን የማንም ንብረት አይደለም። ሥራው በጽሑፍ ወይም በድምፅ ወይም በሌላ መንገድ ተቀርጾ መገኘት አለበት።

እዚህ ላይ የወጣቱ ነገር ይወሳሰባል፤ መንዙማ ከብዙ ሰዎች እጅ የተሠራ ነውና። የወሎው ሸኽ ጠልሐ ቢን ጀዕፈር በአማርኛ የገጠሟቸው መንዙማዎች ባለቤታቸው ካረፉ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ቃሉ የሁላችን ቅርስ ነው፤ ማንም ሊያዜመው ይችላል። ነገር ግን ያንኑ ቃል ዛሬ በስቱዲዮ ያዜመው ሰውና ድምፁን ያሳተመው አሳታሚ በቅጂው ላይ የየራሳቸው መብት አላቸው፤ እርሱም 50 ዓመት የሚቆይ ነው። እንግዲህ ወጣቱ ራሱ ቆሞ የሸኽ ጠልሐን ቃል ቢያዜምና ቢቀዳ ሐላል ነው፤ የሌላውን ሰው ቅጂ ቢያባዛና ቢሸጥ ግን በቃሉ ሽማግሌነት ሊመካኝ አይችልም። በሌላ ወገን፣ በአብሬት ሐድራ ላይ አንድ በሕይወት ያለ ሰው ሌሊቱን የገጠመውንና ማንም ያልቀዳውን መንዙማ ሌላው ሰምቶ የራሴ ነው ብሎ ቢያሳትም፣ ገና ያልተቀረጸ ነውና ሕጉ ምናልባት አይደርስበትም ይሆናል። አላህ ዘንድ ግን መዝገቡ የስቱዲዮ ፋይል አይደለም።

የንግድ ምልክት ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ምልክት የሚጠበቀው ሲመዘገብ ነው፤ ምዝገባውም ለ7 ዓመት ሆኖ እየታደሰ ይቀጥላል። በዚህ በኩል የሚበደሉት ሁለት ናቸው። የታወቀውን ሳሙና መጠቅለያ አስመስሎ ያሳተመ ሰው የባለ ምልክቱን የዓመታት መታመን ይሰርቃል፤ ማንበብ የማትችለውን፣ ሥዕሉን ብቻ አይታ የምትገዛውን የገጠር እናትም ያታልላል። ነቢዩ (ሰላትና ሰላም በእርሳቸው ላይ ይሁን) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከውስጡ እርጥበት ባገኙ ጊዜ ባለቤቱን እንደ ገሠጹት ሁላችን እናውቃለን። ያ ሰው የሌላውን ስም አልወሰደም፤ ዝናብ የመታውን እህል ከደረቁ በታች አደረገ እንጂ። በሰው ስም የተጠቀለለ ዕቃ ከላይም ከታችም እርጥብ ነው።

«ገዥው እኮ ፎርጅድ መሆኑን ያውቃል፤ ዋጋውም ይነግረዋል» የሚል ይኖራል። ገዥው ቢያውቅ የገዥው በደል ይቀልል ይሆናል፤ የባለ ምልክቱ ግን እንዳለ ነው። ደግሞም ያ ገዥ ጫማውን በሰርግ ቤት የሚጫማው ሌሎች እውነተኛ ነው ብለው እንዲያምኑለት ነውና ውሸቱ አልጠፋም፤ እጅ ለወጠ እንጂ።

ነገር ግን በዚህ ነገር ድንበር እንዳናልፍ እፈራለሁ። አንዳንድ ሰው ገና ሐቅ የሚለውን ቃል ሲሰማ የዓለምን ነገር ሁሉ አጥር ሊያጥርበት ይነሣል። በመርካቶ ከዘመዱ ሱቅ ተቀጥሮ ንግድ የተማረ የጉራጌ ልጅ፣ ከዓመታት በኋላ ትይዩ ሱቅ ከፍቶ ያንኑ ዓይነት ጨርቅ ቢሸጥ ሌባ አይባልም። እንዲህ ባይሆን ኖሮ ከመካከላችን ስንቱ ነጋዴ በሆነ ነበር? የክትፎ አሠራር የማንም የግል ርስት አይደለም፤ ቆጮ አጋገርም እንዲሁ። አንዱ ምግብ ቤት በክትፎው ስም ካወጣ፣ ጎረቤቱ ክትፎ መሥራት ይችላል፤ የዚያን ቤት ስም በበሩ ላይ መጻፍ ግን አይችልም። ሙያ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል፤ ስም ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይሄድም።

በድንበር ማለፍ በኩል የጤፍን ነገር ማስታወስ ይበቃል። በ1999 ዓ.ም. ለአንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። ወሬው በተሰማ ጊዜ ከገበሬ እስከ ምሁር ስንት ሰው ተቆጣ! ልብ በሉ ወንድሞቼ፤ በዚያን ጊዜ ከአንድም ገበሬ ጎተራ አንዲት ፍሬ ጤፍ አልጎደለችም። ሆኖም እኛ «ተወሰደብን» አልን፤ እውነትም ብለናል። እንግዲያውስ የራሳችን በተነካ ጊዜ ያልጎደለውን ተወሰደ ካልን፣ የሰው በነካን ጊዜ «ምን ጎደለው?» ማለታችን በሁለት ሚዛን መስፈር ነው። በኋላም በኅዳር 2011 ዓ.ም. በሄግ ያለው ፍርድ ቤት ፓተንቱ አዲስ ፈጠራ ተብሎ ሊጠበቅ የሚገባው እርምጃ የለበትም ብሎ በዚያ አገር ዋጋ እንደሌለው ፈረደ። ስለዚህ ያ ነገር ሁለት ጊዜ ያስተምራል። በእጅ የማይያዝ ነገር ባለቤት ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን የእኔ ነው ያለ ሁሉ ባለቤት አይደለም።

በቡናም በኩል በ1997 ዓ.ም. አገራችን ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክታ ነበር። ብዙ ክርክር ከሆነ በኋላ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ከተባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ ጋራ ስምምነት ተፈረመ። የክርክሩ ነገር ኩንታል አልነበረም፤ ስም ነበር።

ለወላጆችና ለተማሪዎች ደግሞ የፎቶ ኮፒ ነገር አለ። በዩኒቨርሲቲ አካባቢ ተማሪ መጽሐፍ ይዞ ይገባል፤ ተባዝቶ ይወጣል። ሕጉ አንድ ሰው ከታተመ ሥራ ለግሉ ብቻ አንድ ቅጅ ቢያወጣ በተወሰነ ልክ ይፈቅዳል፤ ምንጩንና የደራሲውን ስም ጠርቶ መጥቀስንም ይፈቅዳል። ይህ መልካም ነው፤ ድሀው ተማሪ ከዕውቀት እንዳይርቅ ነውና። መጽሐፉን ሙሉውን አባዝቶ፣ ጠርዞ፣ በመደርደሪያ ደርድሮ የሚሸጥ ሰው ግን በድሀው ስም የሚነግድ ባለጸጋ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ጠፍቶ፣ ደራሲውም ሳይገኝ ቢቀርስ? በዚህ ልቤ ወደ ማቅለሉ ያዘነብላል፤ ሆኖም አስቀድሞ መፈለግ ግድ ነው። በዛሬው ዘመን በአንድ ስልክ ሊገኝ የሚችልን ሰው ሳይፈልጉ «አጣሁት» ማለት ፍለጋ አይባልም።

ወደ ወጣቱ እንመለስ። ይህን ሁሉ ካዳመጠ በኋላ አንገቱን ደፍቶ፣ «እሺ፣ ከነገ ጀምሬ እተዋለሁ። እስካሁን የሸጥሁትስ?» አለኝ። በአላህና በባሪያው መካከል ያለው ነገር በተውበት ይሠረያል፤ በሰውና በሰው መካከል ያለው ግን መመለስን ወይም የባለቤቱን ይቅርታ ይጠይቃል፤ ይህን ሊቃውንቱ ሁሉ ብለውታል። ባለቤቱ ከጠፋና ከተፈለገም በኋላ ካልተገኘ፣ ልኩን ገምቶ በእርሱ ስም ይመጸውትለታል። ወጣቱም በአሮጌ የዱቤ ደብተሩ ላይ ድምፃቸውን አብዝቶ የሸጠላቸውን የአራት ሰዎች ስም ጻፈ። ከሳምንት በኋላ መጥቶ የሆነውን ነገረኝ።

የመጀመሪያው ሰው በስልክ ሲያገኘው ሳቀበት፤ «ልጄ፣ ደውሎ አውፍ በሉኝ ያለኝ ነጋዴ አንተ የመጀመሪያህ ነህ» አለው፤ ላለፈው ሐላል አለለት፤ ለወደፊቱም በየወሩ ጥቂት ድርሻ እንዲልክለት ተስማሙ። ሁለተኛው ሞቷል፤ ሚስቱና ልጆቹ አዲስ አበባ እንዳሉ ሰምቶ አድራሻቸውን እያጠያየቀ ነው። ሦስተኛው የተጠየቀው ገንዘብ ብዙ ነው፤ ይኸንንም በሁለት ጊዜ ሊከፍል ቃል ገባ። አራተኛው ግን ነገሩ ምን እንደ ሆነ ከሰማ በኋላ ስልኩን ዘጋበት፤ ከዚያ ወዲህም አላነሣለትም። ወጣቱ አሁንም በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ይደውላል።